ያልተከፈቱ 31 ፖስታዎች

ፌስታሉ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ኋላ ነበር የሚቀመጠው። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር አነሳዋለሁ፣ የላኪውን ስም ብቻ አያለሁ፣ ሳልከፍተው እዚያ ውስጥ እጨምረዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ «ቅዳሜ ተረጋግቼ አየዋለሁ» እል ነበር። ቅዳሜ ይመጣል፣ ይሄዳል። ኋላ ላይ እሱንም ማለት ተውኩ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ኖርኩ።

የዕዳ ምክር በነፃ ወደሚሰጥበት ቢሮ የሄድኩ ቀን ፌስታሉን እንዳለ ይዤው ሄድኩ። አማካሪዋ በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈው አንድ በአንድ ቆጠሩት። 31 ፖስታ። ምንም አላሉኝም። ወረቀት መቁረጫ አውጥተው አቀበሉኝና «በይ እህቴ፣ አንቺ ክፈቺ፣ እኔ እደረድራለሁ» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጉዳይዋን ስላዋየችኝ ነው። ስታወራ ድምፅዋ ልክ የእኔን ይመስል ነበር። ያኔ አንድ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ባልተሰቃየሁ። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

እንዴት እዚህ ደረስሽ ብትሉኝ፣ ታሪኩ የተለየ አይደለም። መሥሪያ ቤቴ ሠራተኛ ቀነሰ። ለአምስት ወር ደሞዝ የሚባል አላየሁም። የቤቱን ወጪ በክሬዲት ካርድ ያዝኩት። የካርዱን ወርሃዊ ክፍያ ለመክፈል ስልክ ላይ በአፕ ተበደርኩ። የአፑን ለመክፈል ሌላ አፕ። ከድጡ ወደ ማጡ። በዚህ ላይ ከዓመታት በፊት ለወንድሜ ዋስ ሆኜ ፈርሜ ነበር። እሱ መክፈል ሲያቅተው አበዳሪው ወደ እኔ ዞረ። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው ይኼ ነው። ዋስ ስሆን የፈረምኩት ለወንድሜ ያለኝን ፍቅር ነበር የመሰለኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው፦ እሱ ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ የሚል ነው። በኋላ ሥራ አገኘሁ። ደሞዙ ግን ካለፈው ያነሰ ነበር፣ ዕዳው ደግሞ አልጠበቀኝም።

ሰው ዕዳ ውስጥ ሆኖ ለምን ደብዳቤ አይከፍትም ብሎ የሚገረም አለ። እኔም ሳይደርስብኝ እገረም ነበር። የሚሆነው እንዲህ ነው። ፖስታውን ስታዩት ሆዳችሁ ይላወሳል። ፌስታሉ ውስጥ ስትከቱት ቀለል ይላችኋል። ያቺ ትንሽ እፎይታ ትለመዳለች። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን ትነቁና ቁጥር መደመር ትጀምራላችሁ። ትክክለኛውን ቁጥር ስለማታውቁት ድምሩ በየሌሊቱ ይለያያል፣ ሁልጊዜም ወደ ላይ። የዕዳ ቁራኛ ሆንኩ ይላል ሰው። ቁራኛ መሆን ከሌላው ጋር አብሮ መታሰር ነው። ስትተኛ አብሮህ ይተኛል፣ ስትነሳ አብሮህ ይነሳል። ቃሉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ራሴን ደደብ አድርጌ እቆጥር ነበር። ሥራ ላይ የማልሳሳተውን ነገር እሳሳታለሁ፣ ሰው ያለኝን ወዲያው እረሳለሁ። በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ስጀምር እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው የምርምር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አገኘሁ። ተመራማሪዎቹ ህንድ ውስጥ ሸንኮራ አገዳ የሚያመርቱ ገበሬዎችን ሁለት ጊዜ ፈተኗቸው፦ ምርት ከመሰብሰቡ በፊት እጃቸው ባዶ በሆነ ሰዓት፣ እና ምርቱ ተሽጦ ገንዘብ ከያዙ በኋላ። ሰዎቹ ያው ናቸው። የማሰብ ፈተናውን ግን ገንዘብ በቸገራቸው ጊዜ በጣም ዝቅ ባለ ውጤት ነበር የሠሩት። የገንዘብ ጭንቀት ከአእምሮ ላይ ቦታ ይይዛል፣ ለሌላው ነገር የሚተርፈው ያንሳል። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ደደብ አልነበርኩማ።

ወደ ቢሮው ልመለስ።

ፖስታዎቹን ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሳቸው በአበዳሪ ለዩዋቸው፣ ከዚያ በቀናቸው ቅደም ተከተል። ከ31ዱ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ነገር የሚደጋግሙ ነበሩ። አምስት ክምር ሆነ። አምስት አበዳሪ። እኔ ሌሊት ሌሊት የምደምራቸው ሰባት ስምንት ነበሩ፣ አንዱ ዕዳ በሁለት ስም እየመጣ። አንድ አበዳሪ ዕዳውን ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ሲያስተላልፈው ያው አንዱ ዕዳ ነው እንጂ አዲስ አይደለም። ጠቅላላ ድምሩ በጭንቅላቴ ከያዝኩት አነሰ። ትልቅ ነው፣ ግን አነሰ።

ከዚያ አንዷን ፖስታ ከፈትኩ። ከሰባት ወር በፊት የተጻፈች ደብዳቤ ናት። በ30 ቀን ውስጥ ካነጋገርሺን ወለዱን አቁመን የሚመችሽን የክፍያ ስምምነት እናዘጋጃለን ትላለች። ቀኑ ካለፈ ስድስት ወር ሆኖታል። እኔ ስፈራው የነበረው ፖስታ ውስጥ የነበረው ይኼ ነበር። ደጋግሜ አነበብኳት። አማካሪዋ ከእጄ ቀስ ብለው ወሰዱና «ይቺን ለይተን እናስቀምጣት። አንዴ የሰጡትን ዕድል ድጋሚ ሊሰጡ ይችላሉ፣ መጠየቅ ነው» አሉ።

ከዚያ የጠየቁኝ ጥያቄ ያልጠበቅኩት ነበር። ስንት አለብሽ አላሉም። «ከአምስቱ የትኛው ነው ባይከፈል ሕይወትሽን የሚያናጋው?» አሉኝ። እኔ ወዲያው የአፑን አበዳሪ ጠራሁ። በቀን ስድስት ጊዜ ይደውላል። ለዘመዶችሽ እናገራለን የሚል መልእክት ይልካል። ደሞዝ እንደገባ መጀመሪያ የምከፍለው ለእሱ ነበር፣ ለዚያ ብዬ የቤት ኪራይ የሁለት ወር ውዝፍ አለብኝ።

እርሳሳቸውን አስቀመጡና «እሱ ነው የሚጮኸው። የሚጎዳሽ ግን እሱ አይደለም» አሉ።

ምክሩ ሁሉ ቢጠፋብኝ ይህቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ትበቃኝ ነበር። ዕዳ የሚደረደረው በትልቅነቱ ወይም በአበዳሪው ጩኸት አይደለም። ባይከፈል በሚያመጣው መዘዝ ነው። ኪራይ ካልተከፈለ ከቤት መውጣት አለ። መብራትና ውሃ ይቆረጣል። ግብርና ፍርድ ቤት የወሰነው ክፍያ ከባድ መዘዝ አላቸው። ቤት ወይም መኪና በመያዣነት የተያዘበት ብድርም እንደዚያው ነው፣ ንብረቱን ይዞ ይሄዳል። ያለ መያዣ የተወሰደ የካርድና የአፕ ብድር አበዳሪው መክሰስ ይችላል፣ ስም ያበላሻል፣ ቀላል አይደለም። ግን ጊዜ አለው፣ ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው። እኔ ግን ልጆቼ የሚያድሩበትን ቤት አደጋ ላይ ጥዬ ለጯሂው እከፍል ነበር። ለምን ቢባል ስልኩ እንዲያቆም ብቻ። በነገራችን ላይ ዘመድ ጓደኛ ጋር ደውሎ ማሸማቀቅ በብዙ ቦታ በሕግ የተከለከለ ነው። መልእክቶቹን አትደምስሱ። እኔ በንዴት ግማሾቹን አጥፍቼ ስለነበር ለአቤቱታ የተረፈኝ ማስረጃ ትንሽ ነበር።

ቀጥሎ የወር ገቢና ወጪ ሠንጠረዥ መሙላት መጣ። ቤቴ ሆኜ የሞላሁት ነበረኝ፣ ኮርቼበት አቀረብኩ። በወር የሚተርፈኝ ብዙ ነው፣ ሁሉንም ለዕዳ አድርጌዋለሁ። አማካሪዋ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት። የልብስና የጫማ መስመር ላይ ዜሮ ጽፌያለሁ። የሕክምና ዜሮ።

«ልጆች አሉሽ አይደል?»

«ሁለት።»

«እግራቸው ማደግ ያቆማል?»

ላጲስ ሰጡኝ። ጫማ ገባ። መድኃኒት ገባ። የትምህርት ቤት ወጪ ለ12 ተካፍሎ በየወሩ ገባ። ላልታሰበ ነገር የምትሆን ትንሽ መስመርም ከታች ጨመሩልኝ። የሚተርፈው ወደ ሲሶ ወረደ። እኔ ያፈርኩበትን እሳቸው ትክክል ነው አሉ። ሰው በእልህ ብዙ እከፍላለሁ ብሎ ይፈርማል፣ በሁለተኛው ወር ይሰብረዋል፣ ከዚያ በኋላ አበዳሪው አያምነውም። ትንሽ ሆኖ በየወሩ የማይቋረጥ ክፍያ ይሻላል አሉኝ። አበዳሪዎችም ቢሆኑ ዝርዝሩ እውነተኛ ከሆነ በቁም ነገር ያዩታል።

የካርዱን ነገር ያስረዱኝ መንገድ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ወረቀት ላይ 100 ብለው ጻፉ። «ዕዳሽ 100 ነው እንበል። ወለዱ በወር 2 በመቶ። ካርዱ ዝቅተኛ ክፍያ ብሎ የሚጠይቅሽ ደግሞ ከቀሪው 3 በመቶ።» በወሩ መጨረሻ 100 የነበረው 102 ይሆናል። 3.06 እከፍላለሁ። 98.94 ይቀራል። ሦስት ከፍዬ የቀነሰልኝ አንድ ነው። በሚቀጥለው ወር ቀሪው ትንሽ ስለቀነሰ የምጠየቀውም ይቀንሳል። ደግ ነገር ይመስላል። እንደዚያ እያልኩ 65 ወር ብሄድ፣ በጠቅላላው 144 ከፍዬ ገና 50 ይቀርብኛል። አምስት ዓመት ከአምስት ወር። ውሃ በወንፊት።

ከዚያ ሌላ መስመር ጻፉ። የመጀመሪያውን ወር 3.06 እንደያዝኩ፣ አበዳሪው ቢቀንስልኝም እኔ ሳልቀንስ በየወሩ እሷኑ ብከፍል፣ በ54 ወር ዕዳው ያልቃል። ያልቃል! ከጀመርኩበት በላይ አንድ ሳንቲም አልጨመርኩም። ካልኩሌተሩን ተቀብያቸው ራሴ አንድ በአንድ ደገምኩት። ምንም የማይከፈልበት ዕዳ ደግሞ በዚሁ ወለድ 35 ወር ሲሞላው እጥፍ ይሆናል። የፌስታሉ ውስጥ ዕዳዬ በዚህ መንገድ ላይ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የወረቀት ነው፣ ብዙ አላሰለቻችሁም። እሳቸው በእኔ ስም ከአበዳሪዎቹ ጋር እንዲነጋገሩ ፈቃድ ፈረምኩ። ኪራዩና መብራቱ ቀድመው ተያዙ። የተረፈው ለቀሩት አበዳሪዎች እንደ ዕዳቸው መጠን ተከፋፈለ፦ ከጠቅላላው 40 በመቶ ያለው ከክፍያው 40 በመቶ ያገኛል፣ 5 በመቶ ያለው 5 በመቶ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ከገቢና ወጪው ሠንጠረዥ ጋር ተላከ፣ ወለዱና ቅጣቱ እንዲቆም ጥያቄ አለበት። መብት አይደለም፣ ልመናም አይደለም፣ ጥያቄ ነው። ሦስቱ ተቀበሉ። ያቺ የሰባት ወር ደብዳቤ የላኩት ወለዱን አቆሙ። አፑ እምቢ አለ። ድጋሚ ተጻፈለት፣ ድጋሚ እምቢ አለ፣ ክፍያው ግን በሰዓቱ ሲገባለት መደወሉን እየቀነሰ መጣ።

አንዱ ዕዳ ላይ ግን እንዳትነኪው አሉኝ። በጣም የቆየ ነበር። ዕዳም እንደ ሌላው ጉዳይ በብዙ አገር ሕግ ይርጋ አለው። ዘመኑ ካለፈ አበዳሪው በፍርድ ቤት ማስከፈል ላይችል ይችላል። ነገር ግን ሰው ሳያውቅ ትንሽ ከከፈለ ወይም አዎ አለብኝ ብሎ ከፈረመ ቆጠራው እንደ አዲስ ሊጀምር ይችላል። እኔ ልክፈለውና ልገላገል ብዬ ነበር። እስኪጣራ ድረስ ተቀመጠ።

አንድ ነገር በጣም የሚያሳዝነኝ አለ። ወደዚህ ቢሮ ከመሄዴ በፊት ሌላ ቦታ ሄጄ ነበር። ዕዳሽን በግማሽ እናስቀንስልሻለን የሚል ማስታወቂያ አይቼ ነው። መጀመሪያ የአገልግሎት ክፍያ ተቀበሉኝ። አበዳሪዎችሽን አታናግሪ፣ ስልክ አታንሺ አሉኝ። ወራት አለፉ። አንድም ደብዳቤ አልጻፉም። በዚያ ጊዜ ሁሉ ወለዱ ይቆጥር ነበር። ዕዳ ያለበት ሰው ላይ እንዲህ የሚነግዱ ሰዎች አሉ፣ በርካታ ናቸው። እውነተኛው የምክር አገልግሎት አስቀድሞ ገንዘብ አይጠይቃችሁም። እርግጠኛ ውጤትም ቃል አይገባላችሁም። አማካሪዋ ለአንድም ጥያቄዬ «ችግር የለም፣ ያልቃል» ብለው አልመለሱልኝም። እናያለን ነበር የሚሉት። ያ ነው ያሳመነኝ።

ልወጣ ስል አንድ የመጨረሻ ነገር ጠየቁኝ። «ቤት ውስጥ ማን ያውቃል?»

«ማንም» ብዬ እንኳን አልመለስኩም፣ አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ።

«ሠንጠረዡ ላይ ያለው የሁለታችሁ ቤት ነው» አሉ። ከዚያ ሌላ አላሉም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ባዶውን ፌስታል ይዤ ባለቤቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ልነግረው ብዬ አፌ ላይ ሲደርስ መልሼ ውጬዋለሁ። ያን ቀን ከየት እንደምጀምር ስላልገባኝ ከመጀመሪያው ካርድ ጀመርኩ። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ስጨርስ ተነሳና ወጣ። ሁለት ቀን ከሰላምታ ውጪ አላናገረኝም። በገንዘቡ አልነበረም የተናደደው። አጠገቡ ተኝቼ ብቻዬን ስጨነቅ በማደሬ ነው። ቆይቶ ነገረኝ፣ ሌሊት መነሳቴን ያውቅ ነበር፣ ምክንያቱን ሌላ ነገር ጠርጥሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ «እስቲ ያን ወረቀት አምጪው» አለኝ። ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። ጫማ የሚለው መስመር ላይ ጣቱን አድርጎ «ይኼ ትንሽ ነው» አለ።

ይኼ ከሆነ አሁን 19 ወር ሆኖታል። ኪራዩ ውዝፍ የለበትም። ሁለት ዕዳ ተዘግቷል። ትንሹን ቀድመን ጨረስነው። በሒሳቡ ካየነው ወለዱ ከፍ ያለውን ማስቀደም ነበር የሚያዋጣው፣ አማካሪዋም ነግረውን ነበር። እኛ ግን አንድ የተዘጋ ዕዳ በዓይናችን ማየት አስፈልጎን ነበር። የመዝጊያው ደብዳቤ ሲመጣ ባለቤቴ ነው የከፈተው፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ። የወንድሜ ዋስትና ገና አለ። እሱም አሁን የሚችለውን በየወሩ ይልክልኛል፣ ለዚህም ቁጭ ብሎ ማውራት ነበር የሚያስፈልገው።

ባልደረባዬ የነገረችኝን ስሰማ ልቤ የተነካው ለዚህ ነው። ያለባት ከእኔ ያነሰ ነው። ገና የፍርድ ቤት ወረቀት አልደረሳትም፣ ኪራይም አልወዘፈችም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበት ሰዓት ላይ ነች። እሷ ግን «ትንሽ ላስተካክለውና እሄዳለሁ፣ እንዲህ ተዝረክርኬ እንዴት ፊታቸው እቀርባለሁ?» ትላለች። ልክ እንደ እኔ። የ31 ፖስታውን ነገር ነገርኳት። ዘርግፈው ሲቆጥሩት ፊታቸው ላይ ምንም እንዳልነበረ ነገርኳት፣ ምክንያቱም እኔን ለአንድ ዓመት ያስቀረኝ ያንን ፊት መፍራቴ ነበር።

ትናንት ማታ ደወለች። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አላት፣ አብሬያት እሄዳለሁ። የደሞዝ ማስረጃዋን፣ የሦስት ወር የባንክ መግለጫዋንና የኪራይ ውሏን ለይታለች። ደብዳቤዎቹን ግን መሳቢያ ውስጥ እንደከተተቻቸው ናቸው።

«ከፍቼ በቅደም ተከተል ላስተካክላቸው ወይስ እንዳሉ ላምጣቸው?» አለችኝ።

እንዳሉ አምጫቸው አልኳት።